ሁለቴ የሞተችው አስካለ

ይድረስ ለባለቤቴ፣ ለወይዘሮ አስካለ፤

የሰማ ላልሰማ ያሰማ! ሦስት ክረምት ሙሉ «ጥለኸዋል፣ አንተ ዝርክርክ» እየተባልኩ የተወቀስኩበት የግራ እጅ ጓንቴ ከመኪናው ወንበር ሥር በክብር ተገኝቷል። አገር ይወቀው፣ ፀሐይ ይሙቀው! ወንበሩ ያንቺ ነበር፤ የተቀመጥሽበትም አንቺው ነሽ። ይቅርታሽን እጠብቃለሁ፤ ጊዜ አለኝ።

አስኩዬ፣ ከተለየሽኝ ዓመት አልፎ ሌላው ተጀመረ። ፊሊፕስ ሰፈር ያለው ቤታችን አልተነቃነቀም። ልጃችን ዳዊት አሁንም ፎርት ስኔሊንግ ካለው ኤርፖርት መንገደኛ ያመላልሳል። ምራትሽ ብሩክሊን ፓርክ ያለው መጋዘን ውስጥ የማታ ሺፍት ስለደረሳት፣ ትንሿ ልጃቸው ሊያ ከትምህርት ቤት ስትመጣ የምረከባት እኔ ነኝ። አዎ፣ እኔ። መክሰሷን ሰጥቻት ግማሹን እበላባታለሁ።

ትልቁ ወሬ ግን ታላቅ እህቷ ቤዛ ናት። ኮሌጅ ስትገባ ነርስ ትሆናለች ብለን አልነበር? ሴይንት ፖል ሄዳ የጥንት አየርላንድ ታሪክ አጠናለሁ ብላ አረፈችው። ዳዊት ሲሰማ መኪናውን ዳር ይዞ አቆመ። እኔማ ደስ አለኝ። በመጋቢት አረንጓዴ ለብሰው ሲሰለፉ እያየሽ «እነዚህን ሰዎች ምን አግኝቷቸው ነው?» ስትዪኝ የነበረውን አሁን መመለስ እችላለሁ። አየርላንድን ወንጌል ላስተማረው ለቅዱስ ፓትሪክ በዓል ነው። የጉዱ መነሻም እሱ ነው።

ቤዛ ክረምቱን የአየርላንድ መነኮሳት የጻፉትን ዜና መዋዕል ይዛ እየመጣች ወጥ ቤት ጠረጴዛው ላይ ትተረጉምልኝ ነበር። ንጉሥን ሰባት ገጽ እያሞገሰ የሚያደክም ዓይነት እንዳይመስልሽ። ለአንድ ዓመት አንድ ሁለት መስመር ብቻ፦ ትልቅ በረዶ ወረደ። ከብት አለቀ። እገሌ ንጉሥ በገዛ ዘመዱ ተገደለ። እገሌ አበምኔት አረፈ። በቃ! ወደድኳቸው። አንቺ ለእህትሽ በስልክ ግማሽ ቀን የምታወሪውን እነሱ ቢጽፉት «ደህና ናቸው» ብለው ይዘጉት ነበር።

እናልሽ፣ አንድ ቀን ቤዛ ስታነብ ቅዱስ ፓትሪክ ሞተ። ነፍስ ይማር አልኩ። ገጹን ገለጥ ገለጥ አደረገችና፣ ብዙ ዓመት አልፎ፣ እንደገና ሞተ።

ደነገጥኩ። አንድ ሰው ስንቴ ይሞታል? ቀብሩ ላይ የቆመ ዘመድ የለውም? ቤዛ ሳቀችብኝ። በፓትሪክ ዘመን በየዓመቱ የሚጽፍ ሰው አልነበረም አለችኝ። ከእሱ በኋላ ብዙ ቆይተው የመጡ መነኮሳት ናቸው ወደ ኋላ ተመልሰው የሞሉት። አንዱ በዚህ ዓመት ሞተ ይላል፣ ሌላው በዚያ፤ ገልባጩ ማንን ይጣል? ሁለቱንም ጻፈ። አንዳንዱማ «የመጀመሪያው ሽማግሌው ፓትሪክ የሚባል ሌላ ሰው ነው» ብሎ ቁጭ አለ። ነገሥታቱ ደግሞ ባሱ። በትረ መንግሥቱን የያዘው ቤት የጥንት አያት ሲያምረው፣ ጸሐፊው እየቀጣጠለ ኖኅ ድረስ ይወስድለታል።

«መነኩሴ ይዋሻል?» ብዬ ጮህኩ። ቤዛ ግን አትከራከርም፤ ትጠይቃለች። «አባባ፣ ማን ጻፈው ብቻ አትበል። መቼ ጻፈው? አይቶ ነው ወይስ ሰምቶ?» በዓይናቸው እያዩ መጻፍ ከጀመሩ ወዲህ፣ የፀሐይ ግርዶሽ ሆነ ሲሉ የዛሬዎቹ የሰማይ ሊቃውንት ሲያሰሉት ይገጥማል አለችኝ። እኔም ትንሽ ቆጣ ብዬ፣ አባቴ ሰባት ቤት ድረስ አያቶቼን አስቆጥሮኛል፣ ሰባተኛው ደጃዝማች ናቸው አልኳት። አየችኝ። ምንም ሳትናገር «ዝም በይ!» አልኳት።

ያ ሁሉ ግን የሰው አገር ድንጋጤ ነበር። የራሳችን የመጣው በሙት ዓመትሽ ቀን ነው።

እዚህ አገር መሬቱ ከውርጭ ካልተላቀቀ የመቃብር ድንጋይ አይተከልምና፣ ያንቺን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየነው በዚያን ቀን ነው። ዳዊት ለጠራቢው የመንግሥት መታወቂያሽንና ለቀብርሽ በቤተ ክርስቲያን የታደለውን ወረቀት ፎቶ አንስቶ ልኮለት ነበር። ሰውየው ምን ያድርግ? ልደትሽን ከመታወቂያው፣ ዕረፍትሽን ከቤተ ክርስቲያኑ ወረቀት ወሰደ። ጨርቁ ሲገለጥ፣ ከሚያምረው ስምሽ ሥር «1951 – 2009» ይላል። በፈረንጅ ተወልደሽ በሐበሻ ሞተሻል፤ ስምንት ዓመት ከመሐል ጠፋ።

መጀመሪያ ሳቅሁ፣ አልዋሽሽም። ዕድሜሽን ለሐኪም እንኳ ቀንሰሽ የምትናገሪ ሴት፣ መቃብር ወርደሽም ስምንት ዓመት አስቀነስሽ! ቤዛም «አባባ፣ ከሺህ ዓመት በኋላ የሚያነቡ ምሁራን ትልቋ አስካለና ትንሿ አስካለ የሚባሉ ሁለት ሴቶች ነበሩ ይላሉ» ብላ በጆሮዬ ስትነግረኝ ትከሻዬ ተንቀጠቀጠ። ቄሱ የማለቅስ መስሏቸው ያዙኝ።

ሊያ ግን ድንጋዩ ፊት ቆማ ጣቷን ትቆጥራለች። ሰባት ዓመቷ ነው፤ ሒሳብ ጀምራለች። «አባባ፣ ዌይት» አለችኝ። «እኔ የተወለድኩት 2011 ነው።» እንደገና ቆጠረች። ፊቷ ነጣ። «ሶ… እማማ ሞታ ነው ያጠበችኝ?»

አስኩዬ፣ ሳቁን ተውኩት። በሕይወቴ ብዙ ደንግጫለሁ፤ እንደዚያ ቀን ግን ደንግጬ አላውቅም። ልጅቱ እኮ ሞኝ አይደለችም። ድንጋይ ላይ የተጻፈ ነገር ነው፤ ቄስ ቆመውበት ጸልየዋል። ያሳደገቻትን፣ አብራት የተኛችውን አያቷን አንድ የጠራቢ መሮ መንፈስ አደረገባት።

ቤት ስንደርስ፣ ከሞትሽ ጀምሮ አቅፋው የምትተኛውን ሰማያዊ ሹራብሽን በሁለት ጣቷ ይዛ ኮሪደሩ ላይ ጥላው መጣች። ይኼን በዓይኔ አየሁ።

ሁለት አቆጣጠር አለ፣ የኛና የነሱ፣ ብዬ አስረዳኋት። «አባባ፣ ዩ አር ጆኪንግ» አለችኝ። የሐይቁ ዝይዎች አማርኛ ይሰማሉ፣ እንዳትሰድቢያቸው ብዬ ያሳመንኳት ሰው ነኝ፤ ማን ያምነኛል? ዳዊት አንቺ ስታጥቢያት የተነሳውን ፎቶ ከስልኩ አውጥቶ አሳያት። ባሰባት። ፎቶ ውስጥ ያለችው መንፈስ መሰለቻት። «አንተ ቀልማዳ፣ አንድ ቀን እውነት ተናግረህ የሚሰማህ ታጣለህ» ብለሽኝ ነበር። ቀኑ ደረሰ፤ ደስ ይበልሽ።

ያዳነችን ቤዛ ናት። «ካላንደሩን ተወው» አለችኝ። «በየዓመቱ ያየኸውን ጻፍላት። እንደ መነኮሳቱ፣ አጭር። ያላየኸውን ግን አንዲት ቃል እንዳትጨምር!» ከሊያ የሥዕል ወረቀት ቀደድኩና ሦስታችን ተቀመጥን። እኔ እጽፋለሁ፣ ቤዛ እንደ ዳኛ ትሰማለች፣ ሊያ ከጠረጴዛው ማዶ ክንዷን አጣምራለች። እንዲህ አልኩ፦

ሊያ የተወለደችበት ዓመት። ትልቅ በረዶ ወረደ፣ የመኪናው በር አልከፈት አለ። አስካለ ሕፃኗን ቅቤ ቀባች።

ቀጥሎ ያለው ዓመት። ሊያ ቆማ ሄደች። አስካለ ወገቧን አመማት፤ አባባን ወቀሰች።

ከዚያ በኋላ ያለው። ሊያ የአስካለን መነጽር ሽንት ቤት ጨመረች። አልተገኘም።

ከዚያም ወዲያ። በጓሮ ጦርነት ሆነ። ቲማቲም የበላባትን ሽኮኮ አስካለ በመጥረጊያ አሳደደች። ሽኮኮው አሸነፈ።

በዚያኛው ዓመት ምንም አልሆነም። ደስ የሚል ዓመት ነበር።

መነጽሩ ላይ ስደርስ ሊያ ክንዷን ፈታች። ሽኮኮው ላይ «አስታውሳለሁ! እማማ ጫማዋ ወለቀ!» ብላ ብድግ አለች። ጻፍኩት። የራሷ ምስክርነት ስለሆነ ቤዛ አጸደቀችው። ሞታ ከሆነ ጫማዋ እንዴት ይወልቃል? ልጅቱ ይኼን ራሷ አሰላችው፤ ከአሥር ቄስ የበለጠ ሠራላት።

የመጨረሻው ዓመት ደረሰ። ሊያ ኪንደርጋርተን ገባች። አስካለ ታመመች። በግንቦት አረፈች። እዚህ ላይ ብዕሬን ሳነሳ ሊያ እጄን ያዘችኝ። ጉንፋን ይዟት ሆስፒታል ያልመጣችበት ቀን ነው፤ ታስታውሺያለሽ። «ስለ እኔ ምን አለች?» አለችኝ። ጎንበስ ብዬ አንዲት መስመር ጨመርኩ፦ አስካለ ዓይኗን ሳትከድን «ሊያስ?» ብላ ጠየቀች።

ሊያ አነበበችው። ሁለት ጊዜ። ከዚያ ወደ ኮሪደሩ ሄዳ ሹራቡን አነሳችው።

ድንጋዩንም አልጣልነውም። የድሮ ገልባጮች በመስመርና በመስመር መካከል ማስተካከያ ይጽፉ ነበር አለችን ቤዛ፤ ጠራቢውም ከ2009 ጎን «ዓ.ም.» ብሎ፣ ከሥሩ በትንሹ 2017 ቀረጸልን። ፊደሉን እኔ ሥዬ ሰጠሁት፤ «ዓ» ትንሽ ተጣማለች፤ አትቆጪ።

እንግዲህ አስኩዬ፣ ያየሁትን እይዝልሻለሁ። ወገብሽን፣ ወቀሳሽን፣ መጥረጊያውን፣ የጠፋብሽን መነጽር ሁሉ ሳልጨምር ሳልቀንስ ለልጆቹ እነግራቸዋለሁ። መነኮሳቱንም መሳደብ ትቻለሁ። ምናልባት በእነሱም ፊት አንድ ልጅ ቆሞ ይጠብቅ ነበር።

አንዲቷን መስመር ግን ለአንቺ ልንገርሽ፤ ቤዛም ጠርጥራ ዝም ያለችኝ ይመስለኛል። ያን ቀን አልጋሽ አጠገብ የነበርኩት እኔ ነኝ። «ሊያስ?» አላልሽም። ከጠዋት ጀምሮ ምንም አላልሽም።