ሁሉም የተመኘው መንጋጋ ጥርሴ

ጥቅምት 6

ልብስ አጠብኩ። ላሰጣ ስወጣ የጎረቤታችንን ድምፅ ደረጃው ላይ ሰማሁና እስክታልፍ በር ዘግቼ ጠበቅኩ። ሰላም ብላት ምን እሆናለሁ? እንጃ...

እህቴ እታለም ፊቷን አጥቁራ ገባች። እዚህ ሰው አገር ጥርስ ሕክምና ትማራለች፣ ሁሉም ነገር በእንግሊዝኛ። የመጨረሻው ፈተና በእውነተኛ በሽተኛ ላይ ነው፤ በሽተኛውን ደግሞ ተማሪው ራሱ ፈልጎ ያመጣል። የሷ በሽተኛ አልመጣም ብሎ ቀረ። ሌላ ካላገኘች ዓመቱን ትደግማለች።

"ደህና ጉድጓድ ያለው ሰው ጠፋ" አለች። የጥርስ ጉድጓድ ማለቷ ነው።

ጥቅምት 8

ያገኘችውን ሰው ሁሉ አፍ አፉን እያየች ነው። የሕንፃችን ጥበቃ ሲያዛጋ አንገቷን አስግጋ አፉ ውስጥ ገባች ማለት ይቻላል። አንድም የተበላ ጥርስ የለውም። ተቀየመችው።

ጥቅምት 9

ዕቃ ሳጥብ ጥበቃው ትዝ አለኝና ሳቄ አመለጠኝ። ስስቅ አፌን በእጄ እሸፍናለሁ፤ ዛሬ ግን እጄ አረፋ ነበር።

"ቆይ፣ አትዝጊው" አለች እታለም። በስልኳ መብራት አየችኝ። ጉንጬን ሳመችኝ።

"ሁለት ጥርስ መሃል፣ ነርቭ ያልነካ። የኔ ቆንጆ፣ ይሄን የመሰለ ጉድጓድ ይዘሽ ዝም ትያለሽ?"

ቆንጆ የተባልኩት በተበላ ጥርስ። ልኩራ ወይስ ላኩርፍ?

ግን ጣጣ አለው። ፈታኙ ፊት በሽተኛዋ ራሷ መናገር አለባት። የት እንደሚያማት፣ መስማማቷን። በእንግሊዝኛ። እኔ በአማርኛም የማልናገረው...

ጥቅምት 12

ወሬው ወጣ። ረጅሙ የክፍል ጓደኛዋ ቤታችን ድረስ መጣ። የአገራችን ልጅ ነው፤ እሱም በሽተኛ የለውም።

"እህት ዓለም፣ እስቲ አንዴ አአ በይ።"

"ከልጅቷ ዞር በል" አለች እታለም። "እህቴ ናት።"

"እህትሽ ብትሆንስ፣ ጥርሱ በስምሽ ነው እንዴ?"

ትራስ አቅፌ ጥግ ላይ ተቀመጥኩ። ማንም በኔ ተጣልቶ አያውቅም። ደስ አይልም አልልም...

እማዬም ሰምታ ደወለች። "ልጄ፣ በዚያ በኩል እንዳታኝኪ። ጥርስሽ እስከ ፈተናው እንዳይብስም እንዳይድንም እየጸለይኩ ነው።"

ጥቅምት 15

መልሶቹን ሸመደድኩ። ደህና ነኝ። ከላይ በግራ፣ ቀዝቃዛ ስጠጣ። አዎ፣ እስማማለሁ። ለመስታወቱ ነገርኩት። ለፍሪጁም። ፍሪጁ ድንገት ሲያጉረመርም የጠየቀኝ መስሎኝ መለስኩለት።

ጥቅምት 18

ዛሬ ነበር።

ሰፊ ክፍል። በየወንበሩ አፉን የከፈተ ሰው። ፈታኙ መጣ፣ መነጽሩን አስተካከለ፣ ገና አፉን ሳይከፍት ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ለቀቅኩት፦ ደህና ነኝ ከላይ በግራ ቀዝቃዛ ስጠጣ አዎ እስማማለሁ።

እታለም ጣሪያ ጣሪያውን አየች።

"ይሄ በቃል የተጠና ነው" አላት ፈታኙ። "መስማማቷን ካላመንኩ አታክሚያትም።" ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። "ለምንድነው የምትስማሚው?"

ይሄ ጥያቄ ከሸመደድኩት ውስጥ የለም። እታለምን አየሁ፤ ከንፈሯ ነጭ ሆኗል። ዓመቷ በሙሉ አፌ ላይ ቆሟል...

"ይሄን ጥርስ ሌላ ተማሪም ፈልጎታል" አልኩ፣ በተሰባበረ እንግሊዝኛ። "ለሱ አልሰጠሁም። ለሷ ሰጠሁ። ስታመም እሷ ትቆጣለች፣ ከዚያ ታለቅሳለች። እጇ ጥሩ ነው።"

ፈታኙ ጉሮሮውን ጠረገ። መሳቁ ነበር መሰለኝ። "ጀምሪ" አላት።

የእታለም እጅ ንቅንቅ አላለም።

ስንመለስ ግማሽ ፊቴ ደንዝዞ ነበር። አውቶቡስ ውስጥ ውሃ ስጠጣ አገጬ ላይ ወረደ። አጠገቤ ያለችው ሴትዮ ሶፍት ሰጠችኝ። ከዚህ በላይ ምን ውርደት አለ ብዬ አወራኋት፣ እስከ ፌርማታችን ድረስ። ግማሹን ቃል ከንፈሬ ዋጠው፤ እሷ ግን ራሷን ትነቀንቅ ነበር።

ጥቅምት 25

እታለም አለፈች። ረጅሙም አጎቱን ከሌላ ከተማ አስመጥቶ አለፈ።

ከሰዓት የእታለም ስልክ ጮኸ። እሷ ገላዋን እየታጠበች ነው። ጮኸ፣ ጮኸ... አነሳሁት።

የዩኒቨርሲቲው ጸሐፊ ናት። አዲሶቹ ተማሪዎች በሽተኛ ማነጋገር የሚለማመዱበት ሰው ይፈልጋሉ፤ ፈታኙ "ያቺ ሳትጠየቅ የምትመልሰው ልጅ" ብሎ ጠቁሞኛል። ሰኞ ሰኞ እመጣ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ሁለቴ አስደገምኳትና "እመጣለሁ" አልኩ።

"ማነው?" አለች እታለም ከመታጠቢያ ቤት።

"ለኔ ነው" አልኳት።