የማይታይ የጥርስ መከላከያ

ማርች 9
ጠዋት ሁለት ጥርስ ሙሌት፣ አንድ ነቀላ። ረዳቴ ቨርና መሣሪያዎቹን ዛሬም አዘበራርቃ ደርድራለች። ስንት ጊዜ ልናገር?

ከሰዓት ኮሊን ሃቭሪሉክ መጣች፣ የላይኛው የፊት ጥርሷ ለሁለት ተሰብሮ። ባሏ ዴል ከጎኗ። የከተማችን የበረዶ ሆኪ ቡድን አሠልጣኝ ነው፤ የማይወደው የለም። እሷም ከሴቶቹ ጋር ትጫወታለች፤ እንደ ኳስ በዱላ የሚመቱት ጠንካራ ጎማ ነው።

"የሆኪው ጎማ ነው ዶክ። አፏን ከፍታ ስትቆም!" አለ ዴል።

ሳቅን። እዚህ የጎደለ ጥርስ መሳቂያ ነው፤ ሁሉንም በሆኪ እናሳብባለን።

ቨርና ቀና እንኳ ሳትል የታካሚ መጠይቁን ከኮምፒውተሩ አነበበችላት፦ "ቤትሽ ውስጥ ደህንነት ይሰማሻል?" ዴል እዚያው ተቀምጦ! ኮሊን ዞር ብላ አየችው።

"መልሺላት እንጂ" አለ እየሳቀ።

"አዎ" አለች። ቨርና ምልክት አደረገች። በቃ... ጠየቅን ማለት ነው።

ኤፕሪል 2
ኮሊን ከዴል ጋር ተመልሳ መጣች። ያው የጠገንኩት ጥርስ። የእኔ ሥራ በራሱ አይሰበርም። ከንፈሯ ከውስጥ ተቆርጧል፣ ከውጭ ምንም። ከአገጯ ሥር በአውራ ጣት ልክ በልዟል። የትኛው ጎማ ነው አውራ ጣት ያለው?

ከሄዱ በኋላ ለቨርና ነገርኳት።

"የሰው ትዳር ነው ዶክተር። እኛ የጥርስ ሰዎች ነን።"

"ጥርሱን ማን ሰበረው ታዲያ?"

"ዴል? ይተዉ እንጂ! የእናቴን ደጃፍ በረዶ የሚጠርግላት እኮ እሱ ነው።"

ለከተማችን ሐኪም ለዶክተር ፕሬንቲስ ደወልኩ። በበረዶው ወራት የእጇን ስብራት በጄሶ ያሰረላት እሱ ነው። "ደረጃ ላይ ወደቅኩ አለች፣ ደረጃ ብዬ ጻፍኩ። ምን ላድርግ፣ ፖሊስ ነኝ?" እያኘከ ነበር የሚያወራኝ። ስልኩን ዘጋሁበት።

ሜይ 6
ብቻዋን መጣች፣ ቨርና ለምሳ በወጣችበት። ተጫዋቾች አፋቸው ውስጥ የሚያደርጉትን የጥርስ መከላከያ ፈልጋ። ሜዳው ላይ በረዶ ከጠፋ ቆይቷል። ጨዋታ የለም።

"ለመቼ ነው?"

"ቶሎ ቢሆን። ደግሞ... ቀለም የሌለው አለ? የማይታይ?"

"አለ።"

"እያወራሁበት የማይወልቅ። ሲጠይቀኝ ካልመለስኩ ይብስበታል።"

የምታየው መስኮቱን ነው። ከዚህ በላይ ምን ልትነግረኝ?

"ውጪ ብትባይስ? መሄጃ አለሽ?"

"ስልኬን ይፈትሻል። ያለ እሱ የትም አልሄድም፤ ዛሬ ከከተማ ስለወጣ ነው። መከላከያውን ብቻ ይሥሩልኝ፣ ዶክተር።"

የጥርሷን ልክ ወሰድኩ። ሰውን ለዱላ ማመቻቸት! ለዚህ ነው የተማርኩት?

ዴል የማይገባበት አንድ ክፍል ብቻ አለኝ። የራጅ ክፍሉ።

ሜይ 14
ዴል የዶናት ካርቶን ይዞ አብሯት ገባ። ቨርና አንዱን ወዲያው ጎረሰች።

"ራጅ ትነሳለች። ውጭ ጠብቅ።"

"ባለፈው ተነስታ የለም እንዴ ዶክ?"

"ጨረር ነው። መውለድ ካልፈለግክ ግባ።"

ከት ብሎ ስቆ ቁጭ አለ። ሲቀልዱለት እንዲህ ነው... እንደ ጨዋ ሰው። ከእንዲህ ዓይነት ፍጥረት ጋር በመቀለዴ አፌን መረረኝ።

ማሽኑን አላበራሁም። የቢሮውን ስልክ ሰጠኋት። ሬጂና ከተማ ላለ የሴቶች መጠለያ ቀድሜ ነግሬ ነበር። በሹክሹክታ ታወራለች። ቨርና መሣሪያ ልታደርስ ስትገባ ሰማቻት፦ "አዎ... አንገቴንም ያንቀኛል። ሁለቴ ራሴን ስቻለሁ።"

ቨርና መሣሪያውን አስቀመጠች። ከዚያ አፏ ውስጥ የነበረውን ዶናት ወረቀት ላይ ተፋችው።

ሜይ 23
ኮሊን ሄዳለች። የት እንደሆነች አላውቅም። አልጠየቅኩም።

ጁን 3
ከተማው ለዴል ምግብ እያመላለሰ ነው። ላዛኛ፣ ሾርባ፣ የፖም ኬክ። "ምስኪን፣ ጥላው ሄደች።" ፕሬንቲስ እንኳ ቢራ ይዞለት ሄዷል አሉ!

ዛሬ ክሊኒክ መጣ፣ ለመጪው የበረዶ ወራት የቡድኑን የጥርስ መከላከያዎች ሊያዝ።

"ሌላ ሐኪም ፈልግ" አልኩት።

"ምን አደረግኩህ ዶክ?"

ዓይኑ እንባ አቀረረ። የእውነት እንባ። ከሁሉም ያስጠላኝ እሱ ነው። ለራሱ ያለቅሳል።

ጁን 18
የኮሊን መከላከያ መሳቢያዬ ውስጥ ነው። ሳትወስደው ሄደች። ጥሩ ሥራ ነበር፣ ጠርዙ ልክክ ያለ። ቆራርጬ ጣልኩት።

ከሰዓት አንዲት አዲስ ታካሚ ከባሏ ጋር መጣች። ጥርሷን ለማጽዳት ብቻ። ቨርና ኮምፒውተሯን ትታ ተነሳች፣ ሴትዮዋን በክንዷ ይዛ ወደ ራጅ ክፍሉ ወሰደቻት። ባልየው ተከተለ።

"እርስዎ እዚህ ይጠብቁ። ጨረር ነው።"

በሩን ዘጋችበት። የማሽኑ ማብሪያ ያለው እኔ ከቆምኩበት አጠገብ ነው። ያብሩልኝ አላለችኝም።