ለእማዬ አንድ ፓኬት ብቻ የላክሁበት ምክንያት

ውድ ታላቅ ወንድሜ፣

እንደምን ሰነበትክ? ወገብህስ እንዴት ሆነልህ? ባለፈው በስልክ ስናወራ ድምፅህ ጎርነን ብሎብኝ ነበር። አቧራ ነው ብለኸኛል፣ አቧራ ያድርገው። እማዬ እንዴት ናት? እንቅልፍ ይወስዳታል? እግሯ ማበጡን ተወ? ባለቤትህስ፣ ልጆቹስ ቤት መዋሉ አላሰለቻቸውም? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስልህ ትኩሳት የለኝም፣ ጣዕምና ሽታ እለያለሁ ማለቴ ነው። ድካሙን ካነሳን ግን ቀኑን ሙሉ ቆሜ ስውል ወገቤ ተቆርጦ የተቀጠለ ይመስለኛል።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር አንድ ፓኬት የእማዬ የደም ግፊት መድኃኒት ይደርስሃል። ሠላሳ ኪኒን ነው። ሁለት ፓኬት ይዤላታለሁ ብዬህ ስለነበር አንዱ የት ገባ ማለትህ አይቀርም። በስልክ ልነግርህ ሁለት ጊዜ ሞከርኩ፤ ሁለቱንም ጊዜ እማዬ አጠገብህ ሆና ስትስቅ ሰማኋትና ሌላ ወሬ አነሳሁ። ስለዚህ በጽሑፍ ይሁን ብያለሁ።

ሥራችን አሁን ምን እንደሚመስል ካልነገርኩህ ነገሩ አይገባህም። መድኃኒት ቤቱ በሩን ዘግቶ በመስኮት ነው የሚሸጠው። መስኮቱ ላይ ላስቲክ ወጥረናል፤ ከታች እጅ የሚያሾልክ ቀዳዳ አለው። ሰዉ መንገዱ ዳር በኖራ በተሰመረ ክብ ውስጥ እየቆመ ተራውን ይጠብቃል። እሱም አፉን ሸፍኗል፣ እኔም ሸፍኛለሁ፣ መሃላችን ላስቲክ አለ፤ ያልጮኸ አይሰማም። አንድ ከረባት ያሰሩ የተከበሩ ሰው ሦስት ጊዜ በሹክሹክታ ጠይቀውኝ አልሰማ ስላቸው በአራተኛው «የኪንታሮት ቅባት ነው የምልሽ» ብለው ሲጮኹ፣ ሰልፈኛው በሙሉ ጫማ ጫማውን ማየት ጀመረ። ከዚያ ቀን በኋላ ሰው ፍላጎቱን እንዲጽፍ ወረቀትና እርሳስ በገመድ አንጠለጠልን። እርሳሱን ሁሉም ሲነካካው ዋለና አለቃዬ በማግስቱ አስወለቁት። አሁን ሁሉም ከቤቱ ጽፎ ነው የሚመጣው።

ወረርሽኝ ገባ ሲባል ሌላው በሽታ ሁሉ ሥራውን አቁሞ የሚቀመጥ መስሎኝ ነበር። የሚያቆም የለም። ጥርስ ያማል፣ ስኳር ይወጣል፣ የሕፃን ሆድ ይነፋል፣ አስም ያፍናል። ጤና ጣቢያው ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ ለወረርሽኙ ሆኗል፤ ለሌላው «ደውሉ» ይላሉ፣ ሲደወል የሚያነሳ የለም። ስለዚህ ሁሉም ወደ እኔ መስኮት ይመጣል። እኔ ደግሞ ሐኪም አይደለሁም፤ ያለውን አለ፣ የሌለውን የለም ብዬ የምመልስ ሻጭ ነኝ። በቀን ውስጥ «የለም» የምለውን ያህል በዕድሜዬ ሌላ ቃል የተናገርኩ አይመስለኝም።

ከሁሉ የጠፋው የእማዬ ዓይነት የግፊት መድኃኒት ነው። ከሁለት ወር በፊት ሃያ ፓኬት መጣልን። አለቃዬ ለብዙ ሰው እንዲዳረስ ብለው ለአንድ ሰው ከግማሽ ፓኬት በላይ እንዳልሰጥ አዘዙኝ። አንተ በዚያው ሰሞን እማዬ የአንድ ወር ብቻ እንደቀራት፣ እሷም እንዳያልቅባት ብላ ኪኒኑን ለሁለት እየሰበረች መዋጥ እንደጀመረች ነግረኸኝ ነበር። ካርቶኑን የፈታሁት እኔ ነኝ። ሁለት ሙሉ ፓኬት አነሳሁና ከመሳቢያው ውስጥ፣ ከፋሻው ጀርባ ከተትኳቸው። ሰረቅሁ አልልህም፣ ከፍዬበታለሁ። ግን የአራት ሰው ድርሻ ነበር፤ ያን ጊዜም አውቀው ነበር። የቀረው በሁለት ቀን አለቀ።

በሦስተኛው ቀን ጋሽ ፍሬን መጡ። ጋሽ ፍሬን የምንላቸው አንድ ጡረተኛ የአውቶቡስ ሹፌር ናቸው። ሰልፍ ላይ ሰው ሲጠጋቸው «ፍሬን ያዝ» ስለሚሉ ነው ስሙ የወጣላቸው። መድኃኒቱ ለባለቤታቸው ነው። «ልጄ፣ ዛሬስ አልገባም?» አሉኝ። «አልገባም ጋሼ» አልኳቸው። ይህን ስል ጉልበቴ መሳቢያውን ይነካ ነበር። አመስግነው ሄዱ።

ከዚያም በየሦስት ቀኑ ይመጡ ጀመር። አርባ ዓመት ሙሉ ሰው ሲያመላልሱ የኖሩ ሰውዬ ትራንስፖርቱ ቆሞ ከተማውን በእግራቸው ዞረውታል። የሄዱበትን መድኃኒት ቤት ሁሉ ይነግሩኛል፤ የትኛው እንደተዘጋ፣ የትኛው ነገ ይምጡ እንዳላቸው። እኔም አንገቴን እየነቀነቅሁ እሰማለሁ። አራት ጊዜ ጠየቁኝ፤ አራት ጊዜ ዓይኔን በጨው አጥቤ የለም አልኳቸው። ለራሴ የምነግረው ነገር ነበረኝ፦ እናቴ ናት፣ ማንም ቢሆን ለእናቱ ያደርገዋል። የሚያንገበግበኝ ደግሞ ለእናንተም አለመድረሱ ነው። መንገዱ ተዘግቶ ዕቃ ጭኖ የሚያልፍ ሰው እስካገኝ ድረስ ሁለቱ ፓኬቶች ለማንም ሳይጠቅሙ ከፋሻው ጀርባ ተቀምጠው ከረሙ።

ከዚያ ጋሽ ፍሬን አንድ ሳምንት ጠፉ። ሌላ ቦታ አግኝተው ነው ብዬ ቀለል አለኝ። በስምንተኛው ቀን መጥተው በቀዳዳው ወረቀት አሾለኩልኝ። የትልቅ ሰው ዳይፐር፣ የአልጋ ቁስል ቅባት፣ መጠጥ መምጠጫ ቀሰም ይላል። ለማን ነው አልኳቸው። «ለእሷ ነው። ቀኝ ጎኗ አልታዘዝ አለ፣ አንደበቷም ተያዘ። ግፊቱ ነው አሉን» አሉኝ። ዕቃውን አውጥቼ ሳስቀምጥላቸው ደግሞ «አንቺማ ምን ታደርጊ። ይህን ሁሉ ቀን ተመላልሼብሽ አንድም ቀን ፊት አልነሳሽኝም» አሉ።

ወንድሜ፣ ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። እጄ ራሱ ሄዶ መሳቢያውን ከፈተና አንዱን ፓኬት አወጣ። «ከእንግዲህም ቢሆን ያስፈልጋቸዋል» ብዬ በቀዳዳው ሰጠኋቸው። መነጽራቸው በትንፋሻቸው ጉም ለብሶ ስለነበር አውልቀው ጠረጉትና ፓኬቱን አገላብጠው አዩት። «መቼ ገባ?» አሉኝ። ዛሬ ማለት እችል ነበር። «ያኔም ነበረ። ለእናቴ ብዬ ደብቄው ነው» አልኩ። በላስቲኩ ምክንያት አልሰሙኝም፤ ጆሯቸውን አስጠጉ። ደግሜ ጮክ ብዬ ተናገርኩት። እሳቸውም ሰሙ፣ ሰልፉም ሰማ።

ፓኬቱን ደረት ኪሳቸው ከተው ሄዱ። ከሰልፉ አንዲት ሴት «ወይ ጉድ» ስትል ሰማሁ። አለቃዬ ከኋላዬ ቆመው ኖሯል። መስኮቱን ዘጉና «ዳይፐሩን ትተውት ሄደዋል። አሁኑኑ አድርሺላቸው፤ ስትመለሺ እንነጋገራለን» አሉኝ።

ቤታቸው ከእኛ ሁለት መንገድ ወዲያ ነው። ሳንኳኳ በሩን ገርበብ አድርገው «ምን ቀረሽ?» አሉኝ። ዕቃውን አቀበልኳቸው። ሊዘጉት ሲሉ ከውስጥ አንድ ነገር ተንሸራቶ ወደቀ፤ ትራሱ ነው። አልጋው ወደ መስኮቱ ተጠግቷል፣ ባለቤታቸው ከወገባቸው በላይ ወደ ጠርዙ ዘመዋል። ጋሽ ፍሬን ሮጠው ያዟቸው፤ ብቻቸውን ግን ሊያነሷቸው አልቻሉም። ወደ እኔ ሳይዞሩ «እጅሽን ታጠቢና ነይ» አሉኝ።

አሁን በየእሑዱ እሄዳለሁ። እሑድ ከሰዓት የማልደውልላችሁ ለዚህ ነው። ገላቸውን እናጥባለን፣ አንሶላ እንቀይራለን፣ ቁስል እንዳያወጡ እናገላብጣለን። ጋሽ ፍሬን አውቶቡስ ወደ ኋላ እንደሚያስገባ ሰው «ወደ ቀኝ፣ ቀስ፣ ቀስ፣ በቃ ያዢ» እያሉ ያዝዙኛል። ከዚህ ሌላ አያናግሩኝም። ያ «ልጄ» የሚሉት ነገር ቀርቷል፤ እኔም አልጠብቅም። መድኃኒት ቤት ደግሞ አለቃዬ የመሳቢያውን ቁልፍ ወስደውብኛል። ከሥራ አላስወጡኝም፤ በሰው እጥረት ይሁን በርኅራኄ አላውቅም፣ አልጠየቅሁምም። ዕቃ ሲገባ ግን አሁን ካርቶኑን የሚፈቱት እሳቸው ናቸው።

ባለቤታቸው ከንግግር ሁሉ የቀራቸው አንድ ቃል ነው፤ «እሺ» ይላሉ። ውሃ ልስጥዎት ስላቸው እሺ፣ መስኮቱ ይከፈት ወይ ስላቸው እሺ፣ ሲያማቸውም ፊታቸውን አጨማደው እሺ። ባለፈው እሑድ ጋሽ ፍሬን ውሃ ሊቀዱ ሲወጡ ፀጉራቸውን እያበጠርኩላቸው ነበር። ከጀርባቸው ስለሆንኩ ፊታቸውን አላየውም፤ ምናልባት ለዚህ ይሆናል የደፈርኩት። ስለ መሳቢያው፣ ስለ ሁለቱ ፓኬቶች፣ አራት ጊዜ የለም ስለማለቴ አንድ በአንድ ነገርኳቸው። ስጨርስ በደህናው እጃቸው ጣቴን ያዙና «እሺ» አሉኝ። ይቅር ማለታቸው ይሁን፣ ሌላ ቃል አጥተው ይሁን፣ ወይም ከነጭራሹ አልሰሙኝ ይሁን፣ ሳምንቱን ሙሉ ሳወጣ ሳወርድ ከረምኩ። አልደረስኩበትም። ያን ዕለት ግን ማበጠሪያውን አንስቼ ማበጠሬን ቀጠልኩ።

አሁን ስለ እማዬ። የላክሁትን መድኃኒት መስበር ትተው፤ በየቀኑ አንድ ሙሉ ኪኒን ትዋጥ፣ አንተም ቆመህ እያት። ሠላሳው ከማለቁ በፊት እንደምንም ብለህ ግፊቷን አስለካላት። አለቃዬ ሌላ ተመሳሳይ መድኃኒት አለ ብለውኛል፤ ሐኪም ካዘዘላት ያ አይጠፋም። ስልክ አላነሳ ካሉህ በር ላይ ቁም፤ እንዳታፍር። በመድኃኒቱ ምክንያት ሌላ ሰው እንደተጎዳ ግን አትንገራት፤ አትውጠውም። እኔን ልትቆጣኝ ከፈለግህ ተቆጣኝ፣ ደብዳቤ ጻፍልኝ፣ አነበዋለሁ። ሁለቱንም ብልክ ኖሮ ትለኝ ይሆን፣ አንዱንም ባልደብቅ ትለኝ ይሆን፣ እኔም አላውቀው።

ለባለቤትህ ብዙ ሰላምታ አቅርብልኝ፤ እማዬን አጥባ አልብሳ የምትውል እሷ መሆኗን አልረሳሁም፣ አሁን ደግሞ በእጄ አውቄዋለሁ። ለትልቁ ልጅህ በርትቶ እንዲያነብ ንገረው። ጥርሰ ፍንጭቷን ልጅህን ጉንጯን ሳምልኝ፤ የላከችልኝን ሥዕል መስኮቱ ላይ ለጥፌዋለሁ፣ ሰልፈኛው ሁሉ ድመት ነው ፈረስ ነው እያለ ይከራከርበታል። አጎታችንን ሳላቸው ካልተሻላቸው ወጥተው እንዳይውሉ ለምንልኝ። እማዬን ደግሞ አንገቷን አቅፈህ ሳምልኝ። ስለ እኔ ከጠየቀችህ ደህና ናት፣ እሑድ እሑድ አንዲት የታመሙ ሴት ትጠይቃለች በላት። ደስ ይላታል። እውነቱም እሱ ነው።

የምትወድህ ታናሽ እህትህ

ከመድኃኒት ቤቱ ጓዳ፣ ከካርቶኖቹ መካከል
ቅዳሜ ጠዋት፣ ወረርሽኙ በገባ በሰባተኛው ወር፣ በዐሥራ አንደኛው ቀን