አሻ ብቻዋን ለገሃር የወረደች ለት

ከቤ ዓለሜ፣

ከተለየኸኝ ወዲህ የግቢያችን ማንጎ ሁለቴ አፈራ፤ ዘንድሮማ ጎረቤቱን ሁሉ አጠገበ። ዛሬ ግን አፌን የሚበላኝ ሌላ ወሬ ይዣለሁ፤ ካንተ ቀድሞ እንዲሰማው የምፈልገው ሰው የለም።

አሻን ታውቃታለህ፤ ያቺ ሳቋ ከመጋላ ሰፈር እስከ ከዚራ ሰፈር የሚሰማው ጎረቤታችን። አንተ ካለፍክ በኋላ ባሏ ለንግድ ብሎ ጅቡቲ ወረደና በዚያው ቀረ። መልእክት የለ፣ ምን የለ። ከዚያ ወዲህ የጅቡቲው ባቡር በጮኸ ቁጥር ሽቶዋን ተቀብታ፣ ድሪያዋን ለብሳ፣ እጄን ይዛ ወደ ለገሃር ጣቢያ ነው። የመጨረሻው ተሳፋሪ እስኪወጣ እንቆማለን። ከዚያ ደግፌ አመጣትና አልጋዋ ላይ ትወድቃለች፤ እኔም እሷን ሳስታምም እውላለሁ። የስፌት መኪናዬ አቧራ ጠጣ። ሙሽሮቼ ጨርቃቸውን ይዘው ሌላ ሰፊ ዘንድ ሄዱ። ልጃችንም "እማዬ፣ ዛሬም የአሻ ነሽ?" ማለት ጀመረች።

ያኔ ትዝ አልከኝ። የሥራ ጓደኛህ ሲሰክር ደግፈህ ቤቱ ታደርሰዋለህ፤ አንድ ብርጭቆ አብሬህ ልጠጣ ግን አትልም። "አብሬው ከወደቅሁ ማን ያነሳዋል?" ትለኝ ነበር።

እኔም አንድ ጠዋት ሻይ ቀድቼላት፣ "አሽዬ፣ ቤቴ ቤትሽ ነው። ምሳ አብረን እንበላለን፤ ስታለቅሺም አለሁ። ለገሃር ግን ከእንግዲህ አብሬሽ አልወርድም" አልኳት።

የሻይ ብርጭቆዋን አስቀምጣ፣ "አንቺማ የባልሽን መቃብር ታውቂዋለሽ፤ መጠበቅን የት ታውቂና" ብላኝ ወጣች። ወላሂ ከቤ፣ አጥንቴ ድረስ ዘለቀ። ልከተላት ተነሳሁና መልሼ ተቀመጥኩ። ጓደኛዬን ያጣኋት መሰለኝ። ምሳዋን መላክ ግን አላቋረጥኩም፤ እሷም ምንም ሳታደርግበት ሳህኑን ባዶውን ትመልሰዋለች። በሰፈራችን ደንብ ይህ ስድብ ነው፤ እኔ ግን መብላቷን አይቼበት ደስ ይለኝ ነበር።

ዛሬ ባቡሩ ጮኸ። ብቻዋን ስትወርድ በመስኮት አየኋት። እግሬ ሊከተላት ሲል የስፌት መኪናዬን ፔዳል ረገጥኩት። ብዙም አልቆየች፤ በሩን በርግዳ እያለከለከች ገባች።

"ስሚ፣ ማን እንደመጣ ገምቺ። ያ ጨርቅ የሚያመጣልሽ ነጋዴ ጅቡቲ ሌላ ሚስት አግብቶ፣ በቁመት የምትበልጠውን ሙሽራ አስከትሎ ከባቡር ዱብ። የድሮይቱ ሚስቱ ደግሞ ልትቀበለው መጥታ ቆማለች። ጋሪው አንድ። ሦስቱም ተጠጋግተው ሄዱልሽ፤ ፈረሱ ራሱ ዞሮ ዞሮ ያያቸዋል።"

እንባችን እስኪወርድ ሳቅን። ከስንት ጊዜ በኋላ አሻ ከባሏ ሌላ ሰው አየች፣ ከቤ። ሳቁ ሲበርድላት፣ "የእኔው ግን ዛሬም አልመጣም" አለች። ድምጿ አልተሰበረም። ወዲያው ወንበር ስባ፣ "በይ የሚሰፋ ስጪኝ" አለችኝ። ይኸው አሁን ጎኔ ሆና የቀሚስ ጠርዝ ትጠልፋለች።

እሁድ መቃብርህ ዘንድ እንደምመጣ ስነግራት፣ "አብሬሽ ልሂድ?" አለችኝ። "አይሆንም አሽዬ፣ ያ የእኔና የከቤ ሰዓት ነው፤ ዕድሜዬን ሙሉ ለማንም አላካፍለውም" አልኳት።

መርፌዋን ሳታቆም፣ "ሂጂ፣ ምሳውን እኔ እሠራለሁ" አለችኝ።