ለልጃችን እንዳልነግር ያስማልሽኝ ነገር

ውድ ባለቤቴ ወርቄ፣

ደብዳቤ ሲጀመር የጤና ሰላምታ ይቀድማል። አንቺን ስለ ጤና መጠየቅ ግን ከእኔ አፍ አያምርም፤ ለምን እንደሆነ ወደ ታች ስትደርሺ ይገባሻል። ከተለየሽኝ ስምንት ወር ሞላው። ሰው ለሙት ደብዳቤ ይጽፋል ወይ ብለሽ እንደምትስቂብኝ አውቃለሁ። ሳቂ። መቃብርሽ አጠገብ ቆሜ ልነግርሽ ሞክሬ ነበር፤ ሰው ሲያልፍ አፈርኩና ተመለስኩ።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርሽ። ልጃችን ምህረት ልጇን ይዛ ከእኔ ጋር መኖር ጀምራለች። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ጨው አበዛህ አላበዛህም ብላ ድስቱን ትቀምሳለች፤ አስተማሪነቷ እኔ ላይ በርትቷል። ከጓሮ የተከልሽው እንሰት ከአጥሩ በላይ ሆኗል። ኩልፎ ወንዝ ዳር ያለው ሙዛችንም ዘንድሮ ጥሩ ይዟል። የበቆሎ ኩርኩፋ መሥራት ተምሬያለሁ፤ አብሮት የሚቀቀለው የሃላኮ (የሽፈራው) ቅጠል ግን በእኔ እጅ ሁልጊዜ ይመርራል።

ያ የሚያቃጥለው የቃሪያ ዳጣ ከቤታችን ጠፍቷል። እሑድ እሑድ ሐይቁ ዳር አሳ ስንበላ ትዝ ይለኛል። ዳጣውን እንደ ወጥ እየዛቅሽ፣ አፍንጫሽን ላብ እያጠመቀው፣ ተይ ስልሽ የዶርዜ ልጅ ከዳጣ ሸሸች ልባል ነው ወይ ትይኝ ነበር። ማታ ደረትሽን ይዘሽ ቃሩ ተነሳብኝ ትያለሽ፤ ጠዋት እኔ ሰፈራችን ካለው ፋርማሲ፣ ከትዕግስት ዘንድ፣ የጨጓራ ካፕሱልሽን ገዝቼ እመጣለሁ። ሐኪሙ ለጥቂት ሳምንት ያዘዘልሽን ኦሜፕራዞል ስድስት ዓመት ዋጥሽው።

ከአርባሽ በኋላ የወንድሜ ልጅ ከስልኩ አነበበልኝ። እንዲህ ያለውን የቃር መድኃኒት ለረጅም ጊዜ የሚወስዱ ሰዎች ላይ የልብ ሕመምና ስትሮክ በዛ ብሎ ታይቷል ይላል። ከዚያ በታች ሌላም ነገር ተጽፎ ነበር፤ እኔ ግን አንቺን የወሰደሽን የስትሮክን ስም ስሰማ እስከዚያ አልታገስኩም። መሳቢያሽ ውስጥ ያገኘሁትን ባዶ ማሸጊያ ሁሉ በፌስታል ይዤ ወጣሁ። የትዕግስት ባንኮኒ ላይ ዘረገፍኩትና ሰው በተሰበሰበበት ሚስቴን ገደልሻት አልኳት። ቁጣዬን ታውቂዋለሽ፤ ከእኔ ቀድሞ ይደርሳል። ልጅቷ አለቀሰች። ወሬው ሰፈሩን አዳረሰ፤ ሰው መድኃኒት ለመግዛት ሌላ ቦታ ይሄድ ጀመር። እኔም፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ደስ ብሎኝ ነበር። የምወቅሰው ሰው ሳገኝ ሐዘኑ ቀለል አለኝ።

ሽማግሌዎች ጣልቃ ገቡ። ጋሽ ጴጥሮስ ሰብሳቢ ሆነው ዛፍ ሥር አስቀመጡን፤ ምህረትም መጥታ ከጎኔ ተቀመጠች። የአገራችንን ወግ ታውቂዋለሽ፤ ማንም ከመታረቁ በፊት በሆዱ የያዘውን ሁሉ ያወጣል። ሰው የደበቀው ጥፋት ጎሜ ሆኖ ቤቱ ላይ በሽታ ያመጣል ይሉ ነበር አባቶቻችን፤ እስኪነገር ድረስም አይለቅም። እኔና አንቺ ቤተ ክርስቲያን ሳሚ ነን፣ ጎሜን ትተነዋል እያልን ነው የኖርነው። መተዋችንን እንጃ።

መጀመሪያ የተናገረችው ትዕግስት ናት። ያለ ሐኪም ክትትል ይህን ያህል ዓመት መሸጥ አልነበረብኝም፣ ሂዱና ታዩ ብዬ መጨቅጨቅ ነበረብኝ ብላ ጥፋቷን አመነች። ስለ መድኃኒቱ ስታስረዳም፣ ግንኙነት ያዩ ጥናቶች አሉ፣ ሕመሙን ያመጣው መድኃኒቱ ራሱ ይሁን ሌላ ነገር ግን አልተረጋገጠም፣ ማንም ሐኪም ሳያማክር በገዛ እጁ እንዳያቆም አለች። ቀጥላ ዝቅ ባለ ድምፅ አንድ ነገር ጠየቀችኝ። እትዬ ወርቄ የደም ግፊት መድኃኒታቸውን ከየት ነበር የሚወስዱት፣ እኔ ጋ መምጣት ካቆሙ ከዓመት በላይ ሆኗቸው ነበር አለች።

ወርቄ፣ ያን ጊዜ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። የግፊቱ ክኒን ጨጓራዬን ይልጠኛል፣ እግሬንም ያሳብጠኛል ብለሽ ጥለሽው ነበር። ምህረት ከሰማች ጭቅጭቋን አልችለውም፣ ምህረት ትሙት ብለህ ማልልኝ አልሽኝ፤ ማልኩልሽ። ሆድ ይፍጀው አልኩ። የእግርሽ እብጠት ሲጎድል ጊዜ እንዲያውም አብረን ስቀናል። በመጨረሻው ወር ራስሽን ሲፈልጥሽ የኩልፎ ፀሐይ ነው አልኩሽ። የጨጓራውን ካፕሱል አንድ ቀን ሳላስተጓጉል የማመጣልሽ ሰውዬ፣ ስለ ግፊቱ ክኒን አንድም ቀን ደግሜ አልጠየቅኩሽም።

መሐላሽን እዚያ ዛፍ ሥር አፈረስኩት። ሁሉንም ተናገርኩ። ጋሽ ጴጥሮስ አልተቆጡኝም፤ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ብቻ አሉና የእርቁን እርጥብ ሣር እኔንም ትዕግስትንም አስያዙን። ይቅርታ ጠየቅኳት። በማግስቱም እዚያው በጮህኩበት ባንኮኒ ፊት፣ ሰው እየሰማ ደገምኩት። ምህረት ግን ገና ሳልጨርስ ተነስታ ሄዳ ነበር። አሥራ አንድ ቀን አላናገረችኝም። ምሳዬን ታስቀምጣለች፣ ትወጣለች። እናቷን ነው የቀበረችው፤ ምን ልበላት።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ቦርሳዋን ከፍታ ያንኑ ካፕሱል ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። እሷንም ቃሩ ሲያቃጥላት ከርሟል፤ አንቺ እንዳትሰጊ ብላ ከሌላ ፋርማሲ እየገዛች ስትውጥ ሁለት ዓመት ሆኗታል። አንቺ ከእሷ ትደብቂያለሽ፣ እሷ ካንቺ፣ እኔ መሀል ተቀምጬ ዝም። በዚያው ጠዋት አብረን ሐኪም ቤት ሄድን። ካፕሱሉን እንዴት ቀስ በቀስ እንደምትቀንስ ሐኪሙ ነገራት። የእሷ ግፊት ደህና ነው፤ እኔ ላይ ግን ተገኘና ክኒን ጀመርኩ። እሷ እያየችኝ ነው የምውጠው።

ሐኪሙን ስላንቺም ጠየቅኩት። ያልታከመ ግፊት ስትሮክ እንደሚያመጣ የታወቀ ነው፣ የካፕሱሉ ነገር ሊሆንም ላይሆንም ይችላል፣ የእሷን ግን አሁን ማንም በእርግጠኝነት ሊነግርህ አይችልም አለኝ። ክኒንሽን ብትወስጂ ኖሮ ዛሬ አጠገቤ ትኖሪ ነበር ወይ? አላውቅም። ይህ አለማወቅ ናፍቆትሽ ላይ ተደርቦ በጣም ይከብደኛል።

ለቅሶሽ ላይ ሰው ሁሉ ምን አግኝቷት ነው ሲለኝ፣ ድንገት ነው፣ ምንም አልነበራትም እያልኩ ነበር የምሸኘው። ቃል የምገባልሽ ይህንን ነው፤ ከእንግዲህ እንደዚያ አድርጌ አላስታውስሽም። ስላንቺ የሚጠይቀኝን ሁሉ ቁጭ በል እለውና እነግረዋለሁ። ስትሮክ ነው፤ የግፊት ክኒኗን አቁማ ነበር፤ እኔም አውቅ ነበር።

ያንቺው ዘለቀ