የማን ማሳ ፍሬ ነው?

ኅዳር 3
ሠላሳ ሁለት ጋሪ የሱፍ ፍሬ ገባ። ስመረምር አራቱ እርጥብ ነበሩ፤ መለስኳቸው። አንዱ ገበሬ፣ «እትዬ ሚዛን፣ መንግሥተ ሰማያት በር ላይ እርስዎ ቢቆሙ ማን ሊገባ ነው?» አለኝ። ደረቅ የሆነ ሁሉ አልኩት። ሰልፉ ሳቀ። እኔ ግን የምሬን ነበር።

መጋዘኑ በር ላይ አዲስ ጨርቅ ሰቅለዋል። «ዘንድሮ በዘይት ራሳችንን እንችላለን።» ለምን አንችልም? የጎደለን ሥርዓት ነው። ከእንግዲህ ፍሬ ሁሉ ወደ መጋዘን፤ ቤቱ ያስቀረ፣ ቤቱ የጨመቀ ይወረሳል። ደንቡ አጭር ነው። ወደድኩት።

ኅዳር 11
የመጋዘኑ ኃላፊ ከጥበቃዎቹ ጋር መመርመሪያ ክፍሌ ገባ። ቦይ ውስጥ ያገኙትን ግማሽ ጆንያ ሱፍ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፉት። ተሸካሚው ጥሎ አምልጧል።

«እማማ፣ የእያንዳንዱን ማሳ ፍሬ በዓይንዎ ይለያሉ ይባላል። እውነት ነው ወይስ ወሬ?»

ወሬ ይለዋል… የሠላሳ ስምንት ዓመት ሥራዬን። መደርደሪያዬ ላይ የስልሳ ማሳ ናሙና በጠርሙስ አለ፤ አንዱንም ማየት አላስፈለገኝም። ፍሬው ደቃቃ፣ ጫፉ ቆልመም ያለ። ከድንጋያማው ዳገት። እኛ በተማርንበት ዘመን መልሱን እያወቀ ዝም ያለ ይገረፍ ነበር።

«የታናሽ ወንድሜ ነው» አልኩ። ድምፄ ውስጥ ኩራት ነበረበት። አልክድም።

ኅዳር 12
ጥበቃዎቹ አራት ሆነው ወንድሜ ቤት ሄዱ። የዘይት መጭመቂያውን በመዶሻ ሰባበሩት። ከዚያ በዚያው መዶሻ የቀኝ እጁን ጣቶች፣ ድንጋይ ላይ አስደግፈው፣ አንድ በአንድ።

ላየው ሄድኩ። ሚስቱ በሩ ላይ ቆመች፤ አላሳለፈችኝም። ደሙ ቀሚሷ ላይ ገና አልደረቀም።

«እትዬ፣ ማን እንደጠቆመ ያውቃሉ?»

«እኔ ነኝ።»

ፊቴ ላይ ተፋች። አልጠረግኩትም… ምን ብዬ?

ቤት ገብቼ ደንቡን ደግሜ አነበብኩት። «ይወረሳል» ነው የሚለው። ስለ ጣት የተጻፈ የለም።

ኅዳር 13
ሥራ ገባሁ። ሰልፉ ውስጥ የቀለደ የለም።

ኅዳር 19
ሌላ ጆንያ አመጡ። ይህንንም አወቅኩት። ወፍራም፣ ጥቁር፣ መስመር የሌለው። ባለቤቱ ከወንዙ ማዶ ያለችው ባሏ የሞተባት ሴት ናት፤ አምስት ልጅ ታሳድጋለች።

«የማን ነው?»

«አላውቅም።»

መዋሸት አልተማርኩም፤ ጆሮዬ ሲግል ተሰማኝ። ኃላፊው ሳቀ።

«ወንድምዎን አውቀው ባዳው ጠፋብዎ? ግድ የለም። ነገ ሌላ ሰው አምጥቼ ከጠርሙሶቹ ጋር አስተያያለሁ።»

ይችላል። እያንዳንዱ ጠርሙስ ላይ የባለማሳው ስም አለ። በእኔው እጅ፣ ጥርት ብሎ ተጽፎ…

ኅዳር 25
ዛሬ ነው እርሳስ መያዝ የቻልኩት። የሆነው በ20 ነው።

ማልጄ ገባሁ። ስልሳውንም ጠርሙስ አንድ ጆንያ ውስጥ ገለበጥኩ። እስከ ክርኔ ገብቼ አማሰልኩት። የስም ወረቀቶቹን ልጬ ማድረቂያው ምድጃ ውስጥ ጨመርኩ። ኃላፊው ሲደርስ ወረቀቱ ይጨስ ነበር።

«ምን አድርገሽ ነው፣ አንቺ አሮጊት?»

እማማ ቀረ፣ እርስዎም ቀረ።

«ናሙናው ተደባልቋል። ከእንግዲህ ለማመሳከሪያ አይሆንም።»

በጡጫ አፌን አለኝ። ወለሉ ላይ ስወድቅ ደግሞ አብሮት የመጣው ጥበቃ በጫማው፣ ጎኔን፣ ጎኔን… ሁለት ጥርስ፣ ሦስት የጎን አጥንት። ሰልፍ ላይ የነበሩት ገበሬዎች በሩን ገንጥለው ገቡ። ጥበቃውን ዱላውን ቀምተው በዱላው ቀጠቀጡት። ሲጮህ ሰማሁ። ደስ አለኝ። ልጻፈው እንጂ፣ ደስ አለኝ።

ታኅሣሥ 2
የስንብት ደብዳቤዬ መጣ። ሬዲዮው በዘይት ራሳችንን ቻልን ይላል። ሱቅ ውስጥ ዘይት የለም።

በምርኩዝ ወንድሜ ቤት ደረስኩ። በሩን በግራ እጁ ከፈተው። ያበጠ ፊቴን፣ የጎደለ ጥርሴን አየ።

«መቱሽ?»

«መቱኝ።»

«በደንብ?»

«በደንብ።»

«እሰይ» አለ። ከዚያ ከበሩ ዞር አለልኝ።

«ግቢ እንግዲህ።»