የሰማያዊዋ ዓሣ ቅርፊቶች

ረቡዕ ከሰዓት፣ በወሩ አሥራ አራተኛ ቀን

…አንቺ ደግሞ የምላስሽን ጫፍ በከንፈርሽ ጥግ አውጥተሽ፣ ቀጭኗን የወረቀት ቁራጭ መርፌው ላይ ስትጠመጥሚ ትንፋሽሽን ትይዢ ነበር። «ልቀቂው» እልሻለሁ። አትለቂም። የሚበተን ይመስልሽ ነበር። ሲለቁት እኮ ነው መልክ የሚይዘው። ትንሽ ይላላል፤ ከዚያ ጫፉን በማጣበቂያ ነካ ማድረግ ነው። ባንድ በኩል ቆንጠጥ ሲያደርጉት የእንባ ጠብታ፣ በሁለት በኩል ሲሆን ዓይን። ሰባት ዓመትሽ ነበር። የመጀመሪያዋን ዓይን ሠርተሽ «እማዬ፣ እያየችኝ ነው» አልሽ።

ሰላምታውን ዘልዬ ጀመርኩ። የኔ ልጅ፣ እንደምን አለሽልኝ? ብርዱስ እንዴት ይዞሻል? እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ብቻ ደረጃ ባየ ቁጥር ይቆጣል።

ሐሙስ በስልክ ያልሽኝ ከጆሮዬ አልወጣም። አክስትሽ ደውላ አባትሽ ሆስፒታል መተኛቱን፣ ሐኪሞቹም «የሚመጣ ሰው ካለ ቶሎ ይምጣ» ማለታቸውን ነገረችሽ። አንቺ ደግሞ «አንዲት ደብዳቤ እንኳን ያልጻፈልኝ ሰው ጋ ሄጄ ምን ላደርግ ነው?» አልሽኝ። ስልኩ የተቋረጠ መስሎሽ «ሃሎ፣ ሃሎ» አልሽ። አልተቋረጠም ነበር።

የቅዳሜውን ልንገርሽ። ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ባለችው ክፍል ጀማሪዎችን ይህንኑ የወረቀት ጥምጥም ሥራ እንደማስተምር ታውቂያለሽ። አምስት ናቸው። አንዱ ጡረታ የወጣ መካኒክ ነው፤ ክቦቹን አጥብቆ ስለሚጠመጥም ሴቶቹ «ብሎን» ብለውታል፣ እሱም ወዶታል። ያለቀ ሥራ ይዩ ብዬ ያቺን ሰማያዊ የወረቀት ዓሣ፣ ከአልጋሽ በላይ ትሰቀል የነበረችውን፣ ከነክፈፏ ይዤላቸው ሄድኩ። መስታወቱንም አነሳሁላቸው። ዞር ብዬ ስመለስ ብሎን ከቅርፊቶቿ አንዱን ነቅሎ ይፈታታል።

«አንተ ሰውዬ! ምን ነካህ?»

«እትዬ፣ እኔ ያልፈታሁት ነገር አይገባኝም። ሞተርም እንዲሁ ነበር የምማረው።»

«ዓሣና ሞተር ምን አገናኛቸው?» አለች አጠገቡ የምትቀመጠው ነርስ።

«ቆይ እስቲ፣ ጽሑፍ አለበት።» መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፋ። «‹ጥርስሽ ወለቀ ወይ› ይላል። እትዬ፣ የጥርስ ሐኪም ወረቀት ነው እንዴ የጠቀለሉት?»

ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ከማተሚያ ቤት የተረፈ ቁርጥራጭ ነው አልኳቸው። ያኔ አንቺም «እማዬ፣ ይሄን ሰማያዊ ከየት አመጣሽው?» ስትይኝ የመለስኩልሽ ይህንኑ ነበር።

እዚያ ማተሚያ ቤት አሥራ ዘጠኝ ዓመት ወረቀት ቆርጫለሁ። እንደዚያ ያለ ሰማያዊ አንድም ቀን ገብቶ አያውቅም።

ስስ ነበር፣ ለአየር መልእክት የሚሆን። አባትሽ ጥሎን ከሄደ በኋላ በየወሩ ገደማ ደብዳቤ ሆኖ ይመጣ ነበር። በላዩ የአንቺ ስም። የመጀመሪያውን ከፍቼ አነበብኩት። ስለ እኔ አንዲት ቃል የለም። ስለ አንቺ፣ ስለ ጥርስሽ፣ ስለ ጫማሽ ቁጥር። ከዚያ በኋላ የመጡትን አላነበብኳቸውም። ማስመሪያ፣ ምላጭ። ሦስት ሦስት ሚሊሜትር አድርጌ ቆረጥኳቸው። ማቃጠል አልቻልኩም። መጣልም አልቻልኩም። እጄ የሚያውቀው ሥራ አንድ ነበር፣ እሱን ሠራ።

አንቺም ከጎኔ ተቀምጠሽ ትጠመጥሚ ነበር። ከቅርፊቶቹ ግማሹን የሠራሽው አንቺ ነሽ። ይህቺን ዓረፍተ ነገር ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ቀድጃታለሁ።

ስምንት ዓመት ዓሣዋን እያየሽ ተኛሽ። ልነግርሽ ነበር። ፈተናሽ ደረሰ። ከዚያ ምረቃሽ። ከዚያ ሻንጣሽ በሩ ላይ ቆሞ ነበር።

ከቅዳሜ ወዲህ በማንቆርቆሪያ እንፋሎት ልፈታቸው እየሞከርኩ ነው። የላላው ይፈታል። መሐሉ፣ ጠበቅ ያለው፣ ከማጣበቂያው ጋር ይቀደዳል። እስካሁን ያገኘሁት ይህን ነው፦ «ብስክሌቱን ቀስ ብለሽ»። «ቁመትሽ እስከ የት»። «መልስ ባትጽፊልኝም እኔ»። ቀጣዩን አጣሁት። በየቅርፊቱ ፈለግሁት፣ የለም።

ይህን በስልክ ልለው አልቻልኩም፣ ለዚህ ነው የጻፍኩት። ሂጂ፣ ልጄ። የእኔን በኋላ እንነጋገርበታለን። ተቆጪኝ፣ ስልክሽንም ዝጊብኝ፣ ያንቺ ነው። እሱ ጋ ግን ጊዜ የለም። ጽፎልሻል።

መንገዱ ይቅናሽ። በሄድሽበት ሁሉ ሰው አይጥፋብሽ። ከእኔ የወረስሽው እጄ ብቻ ይሁን፣ ሌላው ይቅርብሽ።

እናትሽ

ከፈረምኩ በኋላ፦ ብሎን መጣ። ፖስታ ቤት አደርስልዎታለሁ ብሎኝ ነበር። ዓሣዋን በካርቶን አሽጌ፣ አድራሻሽን ጽፌ አዘጋጅቻለሁ።

«ደብዳቤውስ፣ እትዬ?»

«ገና ነው።»

«አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋሉ እኮ።»

«አንተ ካርቶኑን ይዘህ ሂድ።»

«ያለ ደብዳቤ? ልጅቷ ዓሣ ብቻ ደርሷት ምን ትበል?»

«ሂድ አልኩህ እኮ!»

ትንሽ አየኝ። ወረቀቱንም አየው። ከዚያ ካርቶኑን እንደ ሕፃን አቅፎ፣ በክርኑ የበሩን እጀታ ተጭኖ ወጣ። ደብዳቤው ከፊቴ፣ እስክሪብቶው እጄ ላይ ነው። በሩ ተዘጋ።